ጾመኛ እናት፣ ስስ ሽሮና የመርሳት ነገር

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። የጻፈችው ሜሪላንድ የምትኖር እህት ናት። እናቷ ጎንደር ናቸው፣ 67 ዓመታቸው፣ 60 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፣ ስኳር ከያዛቸው 11 ዓመት ሆኗል፣ ሜትፎርሚንና "ሌላ አንድ ትንሽ ክኒን" ይወስዳሉ፣ ጾም የሚባል አያልፋቸውም። ካምና ጀምሮ ይረሳሉ፣ ጀበና ጥደው ይወጣሉ፣ በአንድ ስልክ ያንኑ ወሬ ሁለቴ ያወራሉ። ወንድሟ "ሥጋ ስለማትበላ ነው፣ ጾሙን ትተው" ይላል። እሷ ደግሞ የእፅዋት ፕሮቲን አእምሮን ይጠብቃል የሚል ቪዲዮ አይታ ግራ ገብቷታል፦ "እናቴ ዕድሜ ልኳን ሽሮ ነው የበላችው፣ ታዲያ ለምን ትረሳለች? ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ የፕሮቲን ዱቄት ልላክላት ወይ?"

እህቴ፣ እኔ የስነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፣ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች በየቀኑ ነው የማየው፣ እና ጥያቄሽ ውስጥ ከፕሮቲኑ በፊት ዓይኔን የያዘው "ሜትፎርሚን" የሚለው ቃል ነው። ስለዚህ ሽሮው ትንሽ ይጠብቀን፣ መጀመሪያ እሱን እንጨርሰው።

ሜትፎርሚን የሚነካው ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን እፅዋት ውስጥ የለም። ምስር ውስጥ የለም፣ ጤፍ ውስጥ የለም፣ ጎመን ውስጥ የለም፣ እርሾ ስላለው እንጀራ ውስጥ አለ የሚሉ አሉ ግን እሱን ተማምኖ መቀመጥ አይቻልም። ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት ነው የሚገኘው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ነው፣ በዓይን የማትታይ ብናኝ ማለት ነው፣ ግን እሷ ስትጠፋ ደም ማነስ ይመጣል፣ እግር ይደነዝዛል፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ይመጣል፣ ሰው ይረሳል፣ ይነጫነጫል፣ ቤተሰቡም "በቃ አረጁ" ብሎ ይተወዋል። ነርቭን የሚሸፍነው ልባስ ያለ ቢ12 በወጉ አይሠራም፣ ልባሱ ሲሳሳ መልእክቱ እየተንጠባጠበ ይሄዳል። ደግሞ አንዳንዴ ደሙ ደህና ሆኖ ነርቩ ብቻ ይጎዳል፣ ስለዚህ "ደም ማነስ የለባትም ተብላለች" ቢሉሽ አትረጋጊ። ጊዜው ሳያልፍ ከተያዘ የሚመለስ መርሳት ነው፣ ለዛ ነው መጀመሪያ እሱን ያነሳሁት፣ ብዙ ከቆየ ግን የተጎዳው ሁሉ ላይመለስ ይችላል።

አሁን ወንድምሽ "ይኸው፣ ጾሙ ነው ብያለሁ" እንዳይል። ጉበት ቢ12ን ያጠራቅማል፣ ሆዱ ደህና የሆነ ሰው ያጠራቀመው ለዓመታት ይዘልቃል፣ 55 ቀን ሁዳዴን ጾሞ ለፋሲካ ዶሮውን በእንቁላሉ የሚበላ ጤነኛ ሰው በጾሙ ብቻ ቢ12 አያልቅበትም። የእናትሽ ግን ተደራርቧል። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል፣ ይሄ የታወቀ ነገር ነው፣ የአሜሪካ የስኳር ሕክምና ማህበርም ሜትፎርሚን የሚወስዱ ሰዎች በየጊዜው ቢ12 ቢለኩ ይላል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የጨጓራ አሲድ ይቀንሳል፣ አሲዱ ነው ቢ12ን ከሥጋው ፈልቅቆ የሚያወጣው፣ እሱ ሲደክም ሥጋም ተበልቶ ላይጠቅም ይችላል። እናትሽ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የሚወስዱ ከሆነ (ጠይቂያቸው፣ በኛ ሀገር ኦሜፕራዞል ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስንት ዓመት የሚዋጥ መድኃኒት ነው) አራተኛ ይጨመርበታል። ጾሙ እዚህ ላይ የሚያደርገው ገቢውን ማሳነስ ነው፣ በዓመት ወደ 180 ቀን ከሚጾም ሰው፣ ረቡዕና ዓርቡን ጨምሮ፣ የሚገባው ትንሽ ነው፣ የገባውም በሜትፎርሚኑ ምክንያት ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ይሄን ሳምንት ለቢ12 ምርመራ ደም ይስጡ። አንድ ነገር አደራ፦ ደሙ ሳይሰጥ ሰፈር ክሊኒክ ሄደው ኒውሮቢዮን መርፌ እንዳይወጉ። "እግሬን ደነዘዘኝ" ሲባል እሱን መውጋት ልማድ ሆኗል፣ ጉዳት አለው ለማለት ሳይሆን መርፌው ቢ12 ስላለው ከተወጉ በኋላ ሲለካ ቁጥሩ ሰማይ ይወጣል፣ ከዛ ችግሩ ኖረ አልኖረ ማወቅ አይቻልም። ደሙን ይስጡ፣ ከዛ ሐኪሙ ካለ ይወጉ። ቁጥሩ በሚሊ ሊትር ከ200 ፒኮግራም በታች ከሆነ ጉድለት ነው፣ ከ200 እስከ 300 ባለው ውስጥ ከሆነ ደግሞ አጠራጣሪ ነው፣ ምልክት ላለባቸው ሰው እንደ እናትሽ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ አይጠብቁም፣ ያክማሉ።

"ጾም ላይ ክኒን መዋጥ ይፈስካል ወይ" ማለታቸው አይቀርም፣ ሁሉም እናቶች ይጠይቁኛል። መድኃኒትነቱን ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ፣ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ራሷ መላ አላት። ስለ አሠራሩ ግን እኔ ልንገርሽ፣ ገበያ ላይ ያለው ቢ12 ከሥጋ አይጨመቅም፣ በባክቴሪያ ነው የሚመረተው። የሚያስፈስከው ነገር ካለ ልባሱ ነው፣ ያቺ የምታንሸራትተው ለስላሳ እንክብል ብዙ ጊዜ ከከብት አጥንትና ቆዳ በሚወጣ ጄላቲን ነው የምትሠራው፣ ስለዚህ ድፍኑን ታብሌት ላኪላቸው፣ ያ ችግር የለውም። 1000 ማይክሮግራም የሚል ታያለሽ፣ የሚያስፈልገው 2.4 ሆኖ 1000 ምን ያደርጋል እንዳትዪ፣ የቢ12 መግቢያ መንገዱ የተዘጋበት ሰው ከዋጠው ውስጥ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው በጎን ሰርጎ የሚገባለት፣ 1 በመቶው ራሱ ወደ 10 ማይክሮግራም ስለሆነ ይበቃል።

"ሌላ አንድ ትንሽ ክኒን" ያልሽው ነገር ደግሞ አስጨንቆኛል። ስሙን አንብበው ይላኩልሽ፣ ወይ ፎቶ ያንሱት። ስኳር የሚያወርደው ግሊቤንክላሚድ ከሆነ፣ ብዙ ሰው እሱን ነው የሚወስደው፣ ጠዋት ክኒኑን ውጠው ቅዳሴ እስኪያልቅ 9 ሰዓት ድረስ ምንም ሳይቀምሱ ከዋሉ ስኳራቸው ይወርዳል። አእምሮ የሚሠራው በስኳር ነው፣ ስኳር ሲወርድ ሰው ይቅበዘበዛል፣ ያልበዋል፣ ግራ ይጋባል፣ የተናገረውን አያስታውስም። ጀበና ጥደው የሚወጡት ስንት ሰዓት ላይ ነው? ከምሳ በፊት ነው ወይስ ማታም አለ? የሚረሱት ጾም ሲሆን ብቻ ከሆነ ወይም ከሰዓት በፊት ከሆነ ይሄን ጠርጥሪ፣ እና ያኔ ጣት ወግተው ይለኩ። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ሐኪማቸው የክኒኑን ሰዓትና መጠን ማስተካከል አለበት። ይሄን "በኋላ" የሚባል ነገር አታድርጊው።

እሺ፣ አሁን ወደ ሽሮው።

ያየሽው ቪዲዮ ምናልባት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2022 ያወጡትን ጥናት ይዞ ይሆናል። ወደ 77 ሺህ የሚሆኑ አሜሪካውያን ናቸው፣ ነርሶችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች፣ የሚበሉትን ነገር ከ20 ዓመት በላይ በየጊዜው ሲሞሉ ቆይተው በመጨረሻ ስለ መርሳታቸው ተጠየቁ። ከሚበሉት ጉልበት ሰጪ ነገር ውስጥ 5 በመቶ የሚሆነውን ካርቦሃይድሬት በእፅዋት ፕሮቲን የተኩት ሰዎች መርሳት የመጀመር ዕድላቸው በ26 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፣ በእንስሳት ፕሮቲን የተኩት ደግሞ በ11 በመቶ። ጥራጥሬው ጎልቶ ወጣ። እና ቪዲዮ ሠሪው ይሄን ሲያይ "ሥጋ ጣሉ ባቄላ ብሉ" ብሎ ለጠፈው።

ግን ዓረፍተ ነገሩን መልሰሽ አንብቢው፣ የተተካው ሥጋ አይደለም። የተተካው ዳቦው፣ ሩዙ፣ ጣፋጩ ነው። ይሄ ለኛ ሰው ትልቅ ልዩነት አለው። አሜሪካዊው ከሀምበርገሩ ጎን ያለውን የተጠበሰ ድንች ቀንሶ ባቄላ ሲጨምር ማለት ነው፣ የኛ እናት ግን መጀመሪያውኑ ሥጋ የላትም፣ ያላት እንጀራና ወጥ ነው፣ ስለዚህ ጥናቱ ወደ መሶባችን ሲመጣ የሚለው ነገር አንድ ነው፦ እንጀራውን ቀንሰሽ ወጡን አብዢው። 5 በመቶ ማለት በቀን 1800 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው። ያቺን 22 ግራም ነው የምንፈልገው፣ ሌላ ተአምር የለም።

ደግሞ ጥናቱን ከሚገባው በላይ አታግዝፊው። ሰዎቹ "እረሳለሁ" ብለው ራሳቸው የሞሉት ነው፣ ባቄላ የሚበላ ሰው ሌላም ጥሩ ልማድ ይኖረዋል፣ በእግሩ ይሄዳል፣ አያጨስም፣ ያንን ሁሉ ሙሉ በሙሉ መለየት አይቻልም። በ2023 የታተመው ማይንድ የተባለው የአመጋገብ ሙከራ 604 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ 3 ዓመት አይቶ በመርሳት ፈተናው ላይ ግልጽ ልዩነት አላገኘም፣ ጥራጥሬ፣ ቅጠላ ቅጠልና ለውዝ የሚበዛበት አመጋገብ ነበር። 3 ዓመት ያጥራል የሚሉ አሉ፣ ሌላኛው ቡድንም ክብደት እንዲቀንስ ስለታገዘ ተሻሽሎ ነው የሚሉም አሉ። እኔ የምለው ጥራጥሬ ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለኮሌስትሮል እንደሚጠቅም ጥርጥር የለውም፣ የአእምሮን ደም ስር የሚጎዱት ደግሞ እነዚሁ ናቸው፣ በዛ በኩል ሄደሽ ብታዪው ነገሩ ያስኬዳል። የጀመረ መርሳትን ሽሮ ያድናል ያለሽ ሰው ካለ ግን ዋሽቶሻል።

አሁን "ዕድሜ ልኳን ሽሮ ነው የበላችው" ያልሽውን ልያዝ። አንድ ቀን እቤቴ ሚዛን አውጥቼ መዘንኩት። ለአራት ሰው የሚሆን ሽሮ፣ እንደ ልማዳችን ፈላ ባለ ውሃ ላይ እየነሰነሱ የሚማሰለው፣ ስንት ዱቄት ገባበት? 100 ግራም፣ በቃ። 100 ግራም የሽሮ ዱቄት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ወደ 20 ግራም ነው፣ ለአራት ሲካፈል 5 ግራም። አንድ እንቁላል እንኳን 6 ግራም አለው። ድስቱን ስታዪው ሙሉ ነው፣ ይንተከተካል፣ ሽታው ሰፈር ይጣራል፣ ግን ውሃ፣ ሽንኩርትና ዘይት ነው፣ ዱቄቷ ለማወፈሪያ ነው የገባችው። ሚስቴ "እናትህ ቤት ደግሞ ከዚህም ይቀጥን ነበር" ብላ ሳቀችብኝ፣ እውነቷን ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ውሃ የሚጨመርበት ወጥ አይደል ሽሮ።

የእናትሽን ቀን እንቁጠረው። በዕድሜ ለገፋ ሰው በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፣ ለ60 ኪሎ ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው (ኩላሊታቸው ደህና ከሆነ፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ)። ጾም ላይ 9 ሰዓት አንድ እንጀራ በስስ ሽሮና በጎመን፣ ማታ ግማሽ እንጀራ ከዛው ወጥ፣ ሻይ በዳቦ። እንጀራው ራሱ ፕሮቲን አለው፣ ጤፍ እንደ ስንዴ ነው፣ 100 ግራም ዱቄቱ 13 ግራም ገደማ ይዟል፣ አንድ እንጀራ እንደ ስፋቱ 10 ግራም አካባቢ ይሰጣል። ሁሉንም ደምሪው፣ 30 አለፍ ቢል ነው። ግማሽ ቀረ። ግማሽ የቀረበት አሮጊት ሰውነት የራሱን ጡንቻ እያቀለጠ ነው የሚኖረው፣ ጡንቻ ሲያልቅ መውጣት መግባት ይቀራል፣ ጎረቤት መሄድ ይቀራል፣ ቤት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ቶሎ ይረሳል። ከፕሮቲን ወደ አእምሮ የሚወስደው እውነተኛው መንገድ በእግር በኩል ሳይሆን አይቀርም እያልኩ አስባለሁ፣ ይሄ የኔ ግምት ነው።

ታዲያ ምን ይብሉ? የሚያስቀው ነገር መልሱ እዛው ጎንደር እጃቸው ላይ ነው ያለው፣ እኛ ነን "የድሮ ምግብ" ብለን የተውነው። እልበት የሚያውቅ ወጣት ስንት አለ? የባቄላና የምስር ዱቄት ወፍሮ ተንተክትኮ ቀዝቅዞ፣ በዘይት ተመትቶ እንደ ክሬም የሚነጣው። ስልጆም አለ፣ የባቄላ ዱቄት ከሱፍ ውሃ ጋር ተብላልቶ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት የሚገባበት፣ ሁዳዴ ሳይገባ የሚዘጋጀው። እነዚህ ከስስ ሽሮ ጋር አይወዳደሩም፣ ዱቄቱ ራሱ ነው የሚበላው። ጥሬ ባቄላ በ100 ግራም 26 ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ምስር 24፣ ሽምብራ 20፣ አኩሪ አተር 36። ስለዚህ ሽሮውን አትከልክያቸው፣ ዱቄቱን እጥፍ ያድርጉት፣ ማንኪያ የሚያቆም ይሁን፣ ከጎኑ ሁለት ሞላ ያለ ጭልፋ ወፈር ያለ ምስር ወይ ክክ ይጨመር፣ እሱ ብቻ 15 ግራም ያስገባል። አዚፋ ቢሠራ ደግሞ ምስሩ ሳይቀጥን ስለሚቀርብ እኔ ከሁሉ እሱን እወደዋለሁ። የሽምብራ ንፍሮ አንድ ብርጭቆ ተኩል ግድም 14 ግራም ነው፣ ጥርስ ላስቸገራቸው በደንብ ይፈላላቸው። ኦቾሎኒ እፍኝ 7 ግራም። ተልባ በሁለት ሾርባ ማንኪያ ፕሮቲኑ ከ3 ግራም አይበልጥም ግን 3 ግራም የሚያህል ኦሜጋ 3 አለው፣ እሱም ቆልቶ ፈጭቶ ነው፣ ሳይፈጭ ከተጠጣ እንደገባ ይወጣል።

እንጀራውን ደግሞ አንድ ተኩል የነበረውን አንድ። ጉርሻው ላይ ወጡ ይብዛ። ይሄ ለስኳራቸውም ነው፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ቢባልም እኔ ስንቱን ቆጥሬ።

"የእፅዋት ፕሮቲን ጎዶሎ ነው" የሚሉትን አትስሚ፣ ወይም በግማሽ ስሚ። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፋይ ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ደግሞ ሜታዮኒን ያንሰዋል፣ እንጀራ በምስር ስትበዪ አንዱ የሌላውን ይሞላል፣ አያቶቻችን ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው አግብተዋቸዋል። ጤፍ ደግሞ ከስንዴ የተሻለ ላይሲን አለው። የሚያሳስበው ብረቱ ነው፣ ከጥራጥሬ የሚገኝ ብረት በቀላሉ አይገባም፣ ምግብ እንደተበላ ቡና ወይ ሻይ ከተከተለ ደግሞ ይባስ ብሎ ይታሰራል። እናትሽን ቡና ተዪ ማለት አይቻልም፣ ጎንደሬ ናቸው፣ ግን ከምሳ አንድ ሰዓት አለፍ ብሎ ይፈላ። ሎሚ ሰላጣው ላይ ይጨመቅ። የጤፉ መብላላት ብረቱን የሚያስረውን ነገር ስለሚቀንስ በደንብ የኮመጠጠ እንጀራ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ልጻፈው ወይስ ልተወው ብዬ ያመነታሁት ነገር፣ ጎንደር ስላልሽ ነው። ሽሮው ከየት ነው የሚመጣው? ከደንቢያ ዘመድ የሚልክላቸው ከሆነ ወይ ገበያ ተፈጭቶ የተሸጠ ከሆነ ጓያ ሊኖርበት ይችላል። ደንቢያና ፎገራ ጓያ የሚበቅልበት ሀገር ነው፣ የጓያ ሽሮ ደግሞ ይጣፍጣል፣ ርካሽ ነው፣ ፕሮቲኑም ከሽምብራ ይበልጣል። እና ሰው "የእፅዋት ፕሮቲን ሁሉ ለነርቭ ጥሩ ነው" ሲል ጓያን ረስቶ ነው። ውስጡ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ፣ የነርቭ ሴሎችን ያለ ዕረፍት እያስጮኸ የሚጨርስ፣ እግር የሚያዙትን። ሰው በድርቅ ጊዜ ሌላ እህል ሲያጣ፣ ከሚበላው ውስጥ ሲሶው ወይም ከዛ በላይ ጓያ ሆኖ ሁለት ሦስት ወር ሲቀጥል፣ አንድ ቀን ጠዋት እግሩ አልታዘዝ ይለዋል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ወሎ ደላንታ ላይ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አጋማሽ ብዙ ወጣት በዱላ የቀረው በዚህ ነው። የጓያ እንፋሎት ያሽመደምዳል፣ እርሻው ውስጥ ማለፍ ያሽመደምዳል የሚባለው ልክ አይደለም፣ መብላቱ ነው፣ በብዛትና በተከታታይ። ለአንዲት ማንኪያ አትደንግጪ፣ ጓያ መርሳትንም አያመጣም፣ ግን እኔ "ሽሮውን እጥፍ አድርጉት" ብዬ ስመክር፣ 55 ቀን በተከታታይ፣ ያ ሽሮ ከምን እንደተፈጨ ማወቅ አለብኝ። ሽምብራውን ወይ አተሩን በጥሬው ይግዙ፣ ለቅመው፣ ቆልተው ያስፈጩት። መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል፣ አይጨርሰውም፣ ተፈጭቶ የመጣውን ደግሞ ማንም አይዘፈዝፈውም።

ወንድምሽ ጋ አትጣዪ፣ ግማሽ ትክክል ነው። በፍስክ ቀን እንቁላል በጣም ጥሩ ነው፣ ወተትና እርጎ፣ ዓሣ ከጣና ቅርብ ነው፣ እነዚህ ቢ12ም ፕሮቲንም ይሰጣሉ። አሁን እስከ ሁዳዴ ባሉት ሦስት ሳምንታት ከረቡዕ፣ ከዓርብና ከሦስቱ የነነዌ ጾም ቀናት በቀር ይብሉ። "ሥጋ" ሲል ግን ሞርታዴላ ገዝቶ እንዳይመጣ፣ በ2025 መጀመሪያ የወጣ 133 ሺህ ሰው የተካተተበት ጥናት በፋብሪካ የተዘጋጀ ቀይ ሥጋ አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች ላይ የመዘንጋት በሽታ በ13 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቷል፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚበሉትን እንዲህ ያለ ሥጋ በጥራጥሬና በለውዝ መተካት ደግሞ በ19 በመቶ ከቀነሰ አደጋ ጋር ነው የተያያዘው። ዕድሜ ልካቸውን የጾሙ እናት ጾም ተዪ ቢባሉ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚታመመው። ጠዋት ቅዳሴ በእግር መሄዱ፣ ሰው ማግኘቱ፣ ውዳሴ ማርያሙን በቃል መድገሙ፣ እነዚህ ለአእምሮ ከአንድ ኪሎ ክትፎ ይበልጣሉ። ሰዓቱን እንዲያሳጥሩላቸው ከንስሐ አባታቸው ጋር መነጋገር ይበቃል።

የፕሮቲን ዱቄቱን አትላኪ። ውድ ነው፣ ጣዕሙን አይወዱትም፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ለእንግዳ ይቀመጣል (አይቻለሁ)፣ ከእፅዋት የሚሠሩት አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ እርሳስ ተገኝቷል። ስኳር 11 ዓመት የቆየበት ሰው ኩላሊቱ ሳይታይ ፕሮቲን ማብዛትም አይሆንም፣ ከቢ12ቱ ጋር በአንድ ደም ክሬቲኒን ይታይ፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን አለ ወይ ይታይ፣ ኩላሊቱ ከደከመ በኪሎ 0.8 ግራም ላይ ነው የሚቆመው፣ ያልኩት ሁሉ ይከለሳል። እግረ መንገድ ታይሮይድም ይለካ፣ እሱም ሲወርድ ያስረሳል። ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ጎመኑን በድንገት እንዳያበዙ ንገሪያቸው። በነገራችን ላይ ጆሯቸው እንዴት ነው? "ያንኑ ወሬ ሁለቴ ያወራሉ" ያልሽው አንቺ የመለስሽውን ሳይሰሙ ቀርተው ሊሆን ይችላል፣ አለመስማት መርሳት ይመስላል፣ በ2024 ላንሴት የጤና መጽሔት ላይ የወጣው የባለሙያዎች ዝርዝር ውስጥ የመዘንጋት በሽታን ከሚያባብሱና መከላከል ከሚቻሉ 14 ነገሮች አንዱ እሱ ነው፣ ደም ግፊትና ስኳርም አሉበት።

ሻንጣ ለሚይዝልሽ ሰው እንግዲህ የቢ12 ታብሌት፣ የስኳር መለኪያ ቀጭኑን ወረቀት (ያላቸውን ማሽን ስም ጠይቀሽ፣ ሌላ ማሽን ላይ አይሠራም)፣ ከቻልሽ የኩሽና ሚዛን። ወንድምሽ አንድ ቀን የሽሮውን ዱቄት መዝኖ ስንት ግራም ለስንት ሰው እንደገባ ይጻፍልሽ። መንገድ የሚጠፋቸው፣ የልጆቻቸውን ስም የሚያቀላቅሉ፣ ገንዘብ መቁጠር የሚያቅታቸው ከሆነ ግን ይሄን ሁሉ አትጠብቂ፣ የነርቭ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

የደሙ ውጤት ሲመጣ ቁጥሩን ብቻ አትላኪልኝ፣ ከጎኑ ያለውን መለኪያ ጨምረሽ ፎቶ አንሺው፣ አንዳንድ ላቦራቶሪ በፒኮግራም ሌላው በፒኮሞል ነው የሚጽፈው፣ በፒኮግራም 200 የሆነው በፒኮሞል 148 ነው፣ እና ባለፈው አንዷ "180 ነው፣ ዝቅ ብሏል" ብላ ስታለቅስ አድራ መለኪያው ፒኮሞል ሆኖ ተገኘ።